የጦር ኃይሎች ድፍድፍ

ጦር ኃይሎችን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ሲያልፍበት ነው። ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዓለም ባንክ የመጣ ሁሉ እዚህ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይይዛል። ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ በሁለት ሰው!» ይላል፤ ውስጥ ግን ገና አራት ሰው ነው የተቀመጠው። በሆስፒታሉ በር የምሳ ዕቃና ፔርሙስ በፌስታል ያንጠለጠሉ ጠያቂዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከቀለበት መንገዱ በኩል ሲኖትራክ ጥሩምባውን ሲነፋ ወሬ ሁሉ ይቋረጣል። እኔም ሰፈሩን እንዲሁ ከመስኮት ነበር የማውቀው። ዛሬ ከከተማው ሰፈሮች የትኛውን ትወዳለህ ቢሉኝ ግን ሳላቅማማ የምጠራው ጦር ኃይሎችን ነው። ያስወደደኝ ደግሞ ጠላ ነው፤ ከመጠጣቱ ይልቅ አጠማመቁ።

ወደዚያ የላከኝ አንድ ካርቶን ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ የጀማሪ ቢራ መጥመቂያ ይዞልኝ መጣ። ግርጌው ላይ ቧንቧ ያለው ባለ ክዳን ባልዲ፣ ጋዙን አስወጥቶ አየር የማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ መተንፈሻ፣ የፈሳሹን ስኳር የሚለካ ረጅም የመስታወት መለኪያ፣ የላስቲክ ቱቦ፣ የማጠቢያ ዱቄት፣ አንድ ቆርቆሮ የወፈረ የብቅል ጭማቂና አንዲት ከረጢት እርሾ። አብረን ጠመቅንና የማይናቅ ቢራ ወጣልን። እሱ ሲመለስ ቆርቆሮውም እርሾውም አልቀው ነበር፤ ባዶው ባልዲ በረንዳዬ ላይ ቀረ።

ባልዲውን ባየሁ ቁጥር ይከነክነኝ ጀመር። አሰላን የመሰለ የብቅል ፋብሪካ ያለበት፣ ገብስ የሚዘራ አገር ውስጥ ቁጭ ብዬ የብቅል ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ ልጠብቅ? ፈረንጆቹ ራሳቸው ቤት ውስጥ መጥመቅን በነፃነት የያዙት በቅርቡ ነው። እንግሊዝ አገር እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ ለቤት ቢራ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ጂሚ ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. ከፈረሙ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ለፋሲካ ጠላ ለመጥመቅ ማመልከቻ ያስገባች እናት ሰምቼ አላውቅም።

«ቆርቆሮ ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል?» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ። «እናቴ ዘንድ ጦር ኃይሎች ሂድ። ለሚካኤል ማኅበር ተረኛ ናት። እያገዝካት ታያለህ።»

የምኖረው አያት ነው፤ ስለዚህ ጦር ኃይሎች ለእኔ የሐዲዱ ሌላኛው ጫፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ እዚያ ያበቃል። ጠላ ፍለጋ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ራሱ ማውጫ ነው። ሜክሲኮ ላይ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠመቅ የኖረው የጊዮርጊስ ቢራ ሰፈር ይታለፋል። ልደታ ይቀጥላል፤ ከዚያ በለስላሳው ፋብሪካ ስም ኮካ ኮላ የሚባለው ፌርማታ ይመጣል። ቢራውንም ለስላሳውንም ከኋላ ትቼ ጦር ኃይሎች ስወርድ ቀሪው መጠጥ የሴቶች እጅ ሥራ ብቻ ነበር።

ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሰፈሩ ሌላ ነው። ጩኸቱ ከኋላ ይቀራል። የቆርቆሮ አጥር፣ የጽድ ጥግ፣ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥ ልጅ፣ ጥላ ሥር ዳማ የሚጫወቱ ጡረተኞች። አንድ በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አየሁ። ይህ የጠላ ቤት ምልክት ከአዲስ አበባ እየጠፋ ነውና ቆም ብዬ ሰላምታ የሰጠሁት ያህል ተሰማኝ።

የባልደረባዬ እናት፣ እማማ፣ ሰባውን የተሻገሩ ናቸው። ከደብረ ታቦር አካባቢ ወታደር ባለቤታቸውን ተከትለው የመጡት ገና ልጅ ሳሉ ነው። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ እሳቸው ግን ሰፈሩን አልለቀቁም።

«አንተ ነህ ጠላ ልማር ያልከው?» አሉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ሚስት የለህም?»

«አለችኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ እሷስ?»

«የላከችኝ እሷ ናት።»

ሳቁ። ከዚያ ጓዳ ገብተው አንድ እቅፍ ግራዋ ይዘው ወጡ። «በል እጅጌህን ሰብስብ። ጠላ የሚጀመረው ከእጥበት ነው።»

ግቢው ውስጥ ሁለት ዕቃ ቆሟል። አንዱ አንገቱ ላይ በሽቦ የታሰረ፣ ሆዱ የጠቆረ የሸክላ ጋን ነው። ሌላው ዛሬ በየቤቱ የጋንን ቦታ የወሰደው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ አይሰበርም፣ ይቀላል፣ በሚኒባስ ጣራ ላይ ይጫናል። እማማ ግን የማኅበሩን ጠላ በርሜል ውስጥ አያስገቡም። «በርሜሉ ለጎረቤት ነው» አሉኝ፤ ጎረቤቶቻቸው አጠገባችን ሆነው ይሰማሉ።

ግራዋው በእጅ ሲታሽ አረንጓዴና መራራ አረፋ ያወጣል። ጋኑን በጎኑ አስተኝተን እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ አሸሁት። ያለቀ መስሎኝ ቀና ስል እሳቸው ጣታቸውን አስገብተው የጋኑን ከርስ ዳበሱና «ገና ነው» አሉ። ውሃው ተደፋ፤ ቅጠሉ ተለወጠ፤ እንደገና ታሸ። ውሃው ጠርቶ መውጣት ሲጀምርም አልበቃቸውም፤ የጋኑን ጠርዝ ሥር ለብቻው በቁራጭ ቃጫ አስፈተጉኝ። ከዚያ ጋኑ ፀሐይ ላይ ተደፋ። ያን ዕለት የሠራነው ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

የካርቶኑ መመሪያም የመጀመሪያ ገጾቹን በሙሉ ለእጥበት ሰጥቶ ነበር። ያኔ ገልጬ አልፌዋለሁ እንጂ ልብ አላልኩትም። ቤት ውስጥ መጥመቅ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ዕቃ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ትዕግሥት ይመስለኛል። እርሾ መልካም አፈር ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል፤ ኮምጣጤ የሚያደርገው ተሕዋስም እንዲሁ። ሁለቱ ሲሽቀዳደሙ የሚያሸንፈው ቀድሞ የገባው ነው። እጥበት ማለት ያንን ሽቅድድም አስቀድሞ መወሰን ነው።

ጋኑ ሲደርቅ ደግሞ ማጠን አለ። ገል ላይ ፍም ተደረገና የወይራ ፍልጥ ተጨመረበት፤ ጥንጁት ቢገኝ ደስ ይላቸው ነበር። የጋኑ አፍ ጭሱ ላይ ተደፋ። ሰማያዊ ጭስ በሸክላው ዙሪያ እየሾለከ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ጭሱ ከሸክላው ጋር ይጣበቃል፤ ተሕዋስን ያዳክማል፤ በኋላም ጠላው ውስጥ በጣዕም ይመጣል። እማማ ጋኑን አቅንተው አፍንጫቸውን አስገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ዞር በልልኝ በሚል እጅ ወደ ኋላ ገፉኝ፤ ለካ ፍሙን ሊያነሡ ነው። በመጨረሻ አሸተትኩት። በወይራ የታጠነ ሸክላ ሽታ ላይ ጠላ ባይጨመርበትም ግድ አልነበረኝም።

ለገበያ ወደ ኮልፌ ወጣን። እማማ ጌሾ ሲገዙ ከሻጯ ጋር የሚያደርጉት ክርክር ብቻ ያስጉዛል። ቅጠሉን አንሥተው በመዳፋቸው ያደቅቁታል። ድምፅ ካልሰጠ አልደረቀም፤ አረንጓዴው ወደ ቡኒ ከሄደ ከርሟል። ከዚያ አንዲት ቅንጣት ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ከቅጠሉ ሌላ የጌሾ እንጨትም ትንሽ ተገዛ፤ እንጨቱ ይበልጥ የጠጅ ነው፤ እማማ ግን ጠላም ላይ ጥቂት ይወዳሉ። ብቅሉን ደግሞ በጥርስ ነው የሚመርጡት። በደንብ የበቀለ ገብስ ሲነከስ ይፈረፈራል፣ ይጣፍጣል፤ ጫፉ ላይ የደረቀች የሥር ጭራ ትታያለች። አንዳንዱ ነጋዴ ግማሹ ያልበቀለ እህል እንደሚቀላቅል ነግረውኝ እያንዳንዱን ጆንያ ከታች በኩል እየዘገኑ ቀመሱ። ብቅል ቤትም ይሠራል። ገብሱ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ያድራል፤ በኮባ ተጠቅልሎ ጭራ እስኪያወጣ ይቆያል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የከተማ ሰው ግን አብዛኛው ይገዛዋል።

ልኬታቸው በጣሳ ነው፤ አንድ እጅ ጌሾ፣ ሁለት እጅ ብቅል፣ ስድስት እጅ እህል። ሚዛን የለም፣ ጣሳው ራሱ ሚዛኑ ነው፤ ትልቅ ጣሳ ትልቅ ድግስ፣ ትንሽ ጣሳ ትንሽ ድግስ።

ጥንስሱ ቀላሉ ክፍል ነው። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠልና ከብቅሉ ጥቂቱ ውሃ ውስጥ ገብተው ጋኑ ይከደናል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ላዩ ላይ አረፋ ይሠራል፣ ሽታው ይለወጣል። እዚህ ላይ ልቤን የሰቀለኝ ነገር ነበር፤ እርሾው የታል? ካርቶኑ ውስጥ በከረጢት የመጣው እርሾ እዚህ የለም። ማንም አልጨመረም። ከጌሾው ቅጠል ላይ፣ ከእህሉ፣ ከጋኑ ሸክላ ቀዳዳዎች ይመጣል። ባቫሪያ ውስጥ በ1516 እ.ኤ.አ. የወጣው ዝነኛ የቢራ ሕግ ገብስ፣ ሆፕና ውሃ ብቻ ብሎ ሲደነግግ እርሾን አልጠቀሰም፤ ሕያው ተሕዋስ መሆኑን ገና የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ በኩል ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ የጠላን ረቂቅ ተሕዋስያን መርምረው ጥናታቸውን በ1991 እ.ኤ.አ. ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት አውጥተዋል። አልኮሉን እርሾው ይሠራዋል፤ ለስለስ ያለውን ኮምጣጣነት ደግሞ እርጎ የሚያረጋው ባክቴሪያ ዘመድ ነው የሚያመጣው። ጌሾው የሆፕን ቦታ ይይዛል፤ ያመርራል፣ የማይፈለገውን ተሕዋስም ያርቃል።

ቀጥሎ ቂጣው መጣ። ወፈር ያለ፣ እርሾ የሌለው፣ መሐሉ ሳይበስል ከምጣድ የሚወጣ ቂጣ ነው። ተቆራርሶ ከቀሪው ብቅል ጋር ጥንስሱ ላይ ገባ። ዳቦ ጋግሮ ቢራ ውስጥ መጨመር ጥንታዊ ዘዴ ነው። ሱሜሮች የቢራ አምላካቸውን ኒንካሲን የሚያወድሱበት፣ ከዛሬ ወደ 3,800 ዓመት ገደማ በፊት በሸክላ ጽላት ላይ የሰፈረ መዝሙር ስለ ቢራ እንጀራቸው ይናገራል። ምክንያቱም አንድ ነው፤ እሳት ያየ ስታርች ያብጣል፣ ይከፈታል፤ የብቅሉ ኢንዛይም በቀላሉ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ኒንካሲን ለእማማ አነሣኋቸው። «አምላክ ነበረች?» አሉ፤ አማተቡ፤ ቂጣውን መቁረስ ቀጠሉ።

እኔን ግን የማረከኝ እንኩሮው ነው። ገብስ፣ በቆሎና ጥቂት ዳጉሳ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ወፍጮ ቤት ደርሶ መጥቷል። እማማ ዱቄቱን ገበቴ ላይ ዘረገፉት፤ ውሃ በእጃቸው እየረጩ በሁለት መዳፍ ያሹት ጀመር። ዱቄቱ አይቦካም፣ አይላቁጥም፤ ቅንጣት ቅንጣት ብሎ ይንከባለላል። ያ ሁሉ በየዘገኑ የጋለ ምጣድ ላይ ተበተነ። እንፋሎቱ ፊት ላይ ይወርዳል። እኔ ማማሰያውን ይዤ እገለብጣለሁ፤ እሳቸው ከጀርባዬ «ከታች! ከታች!» ይላሉ፤ ከታች ያለው ሲያር ከላይ ያለው ጥሬ ነውና። ቀለሙ ከቡኒ ወደ ጥቁር ቡኒ ሲሸጋገር ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ወጣ። የጎረቤት ልጅ አንገቷን በበሩ አስግጋ «ቡና ነው?» ስትል እማማ ትኩስ እንኩሮ ጭብጧ ላይ አደረጉላት፤ እየነፋች በላች።

ጥቁሩ ጠላ ቀለሙንም የተጠበሰ ጣዕሙንም የሚያገኘው ከዚህ ምጣድ ነው። አየርላንዶች ጥቁር ቢራቸውን የሚያጠቁሩትም በተቆላ ገብስ ነው። የቢራ ፋብሪካ ግን ይህን ሥራ ለማሽን ይሰጠዋል፤ ምጣድ አጠገብ ቆሞ ዓይኑ እያለቀሰ የሚገለብጥ ሰው የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ አልቆየሁም። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ማማሰያውን የነጠቀችኝ የእማማ የልጅ ልጅ የእኔን ግማሽ ጊዜ ሳይወስድባት ቀሪውን ጨረሰችው።

እንኩሮው ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ቀዘቀዘ። እማማ የእጃቸውን ጀርባ አስነክተው ሳያረጋግጡ አላስገቡትም። «ትኩሱን ብትጨምርበት ጠላው ይሞታል» አሉ፤ ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ሁሉም ጋን ውስጥ ተገናኘ፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ከባድ ድፍድፍ ሆነ። አገር ቤት የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። ጦር ኃይሎች ላይ ጭቃው በንጹሕ ጨርቅ ተተክቶ ጨርቁም በፌስታል ታስሯል፤ ዳር ላይ ግን ትንሽ ክፍተት ትተዋል። «አትድፈነው፤ ይተንፍስ።» የካርቶኑ የፕላስቲክ መተንፈሻ ሥራ ይህች ክፍተት ናት።

ድፍድፉ የሚቆየው ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ይረዝማል። እኔ ግን ሳልጠራም መሄድ ጀመርኩ። ባቡሩ ላይ ቆሜ እደርሳለሁ፤ ግቢው ስገባ ቡና ይፈላል። አንድ ቀን ከካርቶኑ ያተረፍኩትን የመስታወት መለኪያ ይዤ ሄድኩ። እማማ ጨርቁን ገልጠው ጆሯቸውን ጋኑ አፍ ላይ አደረጉ። «እየጮኸ ነው» አሉ። እኔም አደረግሁ፤ እውነትም ከታች የሚመጣ ጥቃቅን ቱክታ ይሰማል። ቀጥሎ በጣሳ ጨልፈው ሰጡኝና መለኪያዬን ነከርኩበት። ቁጥሩን አነበብኩላቸው። «እና ምን ይላል?» አሉ።

የሚለው ነገር አልነበረም። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ብቅሉ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ሥራውን አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ስታርቹ ሁሉ ስኳር ሆኖ ካለቀ በኋላ ነው እርሾው የሚገባው። ስለዚህ መነሻው ይለካል፣ መድረሻው ይለካል፣ ልዩነቱ አልኮሉን ይናገራል። ጋኑ ውስጥ ግን ሁለቱ ሥራ በቀዝቃዛው፣ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ብቅሉ ስኳር ሲያወጣ እርሾው እዚያው ይበላዋል፤ መነሻ የሚባል ሰዓት የለም። መለኪያውን ጠርጌ ኪሴ ከተትኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከኪሴ አውጥቼው አላውቅም። ጠላ የሚለካው በጆሮና በምላስ ነው፤ ለመማር ጊዜ ቢወስድም ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የማኅበሩ ዋዜማ ላይ ድፍድፉ ውሃ ተሞላ። አድሮ ሲረጋ ላይ ላዩ መጥራት ጀመረ። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠለለ። በመጀመሪያ የወጣው፣ ውሃ ያልበዛበትና በደንብ የተጠለለው «ፊልተር» ነው፤ ይኸኛው ከ5 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይደርሳል፤ የተለመደው ጠላ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። ሳይጠለል የሚጠጣው ጉሽ አለ። ድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ለልጆችና ለሥራ ሰው ይሆናል። የቀረው አተላ ደግሞ ላም ለሚያረባ ጎረቤት ይሄዳል፤ ባለ ላሟም ባልዲዋን ይዛ ከማኅበርተኞቹ ቀድማ ነበር የደረሰችው።

ወር በገባ በ12 ቀን ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጽዋው ተባረከ። አሳላፊዋ ከጆጉ ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ ቀመሰች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእንግዳ የተቀዳው። የደረሰኝ ጣሳ ጥቁር ነበር፤ ላዩ ላይ ቀጭን አረፋ። መጀመሪያ የወይራው ጭስ ይመጣል፣ ቀጥሎ እንኩሮው፣ ከዚያ ጎኑ ላይ የምትቆነጥጥ ኮምጣጣነት፤ ጌሾው የሚመጣው ከዋጡት በኋላ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጥና ሌላ ጉንጭ ያስጠይቃል። እንደ ሰው አገር ቢራ በበረዶ አይጠጣም፤ የጋኑ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ጾም ቢሆንም ይጠጣል፤ ከእህልና ከቅጠል በቀር የገባበት የለም። ከጡረተኛ ማኅበርተኞቹ አንዱ ጣሳቸውን እስከ ግማሽ አድርሰው «ማን ነው ያሸው?» ብለው ጠየቁ። እማማ ወደ እኔ ጠቆሙ። «አይ፣» አሉ ሰውዬው፣ «የሚያስተዛዝብ አይደለም።» ጦር ኃይሎች ላይ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ መጀመሬ አልቀረም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይራ ማጨስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይታሰብም። ለዚሁ ዓይነት ሥራ ግን ግቢያችን ውስጥ «ኮሚናል» የምንለው የጋራ ቤት አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት። ከኮልፌ አንዲት እንስራ ገዝቼ በታክሲ ጭኜ አመጣሁ። ድፍድፉ እንስራው ውስጥ ይሆናል፤ ሲጠለል ወደ አሜሪካው ባልዲ ይገለበጣል፤ ከቧንቧው ይቀዳል። ባልዲው በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ከዚህ አይበልጥም። አንድ የታጠበና የታጠነ ዕቃ፣ ከክዳኑ ጋር፤ ጌሾ፣ ብቅል፣ የተቆላ ዱቄት፤ ምጣድ፤ ነጭ ጨርቅ። አፉ ግጥም ተደርጎ በታሰረ ጀሪካን እንዳይሞላ ብቻ ይጠንቀቅ። ጋዙ መውጫ ካጣ ጀሪካኑ ያብጣል፤ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ ይጠመቃል።

ወይራው በጨሰ ቀን ጎረቤቶቼ ከየፎቁ ወረዱ። «ሰርግ አለ እንዴ?» አሉ። አንደኛዋ፣ የጎጃም ሰው፣ ዱቄቱን አይታ ዳጉሳው አንሷል አለች። ሌላዋ ከመቀሌ ናት፤ የእሷ እናት ሱዋ ላይ ዳጉሳ ሳይሆን ማሽላ እንደሚበዛና ጌሾውም ከዚህ እጥፍ መሆን እንዳለበት ነገረችን። ከሰላሌ የመጣው የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ በእነሱ አገር ፋርሶ ያለ ገብስ እንደማይታሰብ ጨመረበት። እኔ የእማማን አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት ይዤ ለመከራከር ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም። አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ ማማሰያውን ወሰደች፤ ሌላዋ ከቤቷ ጌሾ ልታመጣ ወጣች። ዘበኛው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሚደርስበትን ቀን ጠየቀኝ።